ዋልድባ ያስገባኋት እህቴ

መስከረም 2 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ዳባት

አለፈች! ጥሩነሽ አለፈች! ጎንደር የነርስ ትምህርት ገባች ልጄ!

ቀለሙ ተደፋብኝ... ይደፋ። ሦስተኛ ክፍሎችን ማባዛት ሳስተምር የፖስታው ሰው በመስኮት አንገቱን አስገብቶ «እትዬ የዓለምወርቅ፣ ከጎንደር ነው፣ ማኅተም አለበት» አለኝ። አነበብሁት። እንደገና አነበብሁት። እልል ብዬ ግቢውን ዞርሁ። ሰባት ጊዜ ስድስት ስንት እንደሆነ እስካሁን ለልጆቹ አልነገርኋቸውም። ዳይሬክተሩ አቶ ክንዴ «ምነው፣ ምን ሆነች?» ብሎ ሲወጣ ሳምሁት። ያን ፊቱ የማይፈታውን ሰው! «ልጄ ነርስ ልትሆን ነው» አልሁት። «ታዲያ እኔን ምን ያስስመኛል?» እያለ ጉንጩን ጠረገ። ወይ ጉድ።

የሻው ከፍርድ ቤት ሲመለስ ደብዳቤውን ሰጠሁት። ጸሐፊ አይደል፤ መጀመሪያ ማኅተሙን አየ፣ ቀጥሎ ቁጥሩን፣ ቀጥሎ ቀኑን። ከዚያ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ባሌ ሲያለቅስ ሳይ አባቱ ከሞቱ ወዲህ ዛሬ ገና ነው።

መስከረም 10 ቀርባ መመዝገብ አለባት። ሁላችንም እንሂድ፣ ከዚያ በፊት ጥቂት ቀን ጎንደርን እንያት፣ ሸጋ ሸጋ ምግብ ቤት እየመረጥን እንብላ አለ። «ዕድሜ ልኬን ጎንደር የሄድሁት ስንቅ ቋጥሬ ነው። አሁን እንደ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ አዝዤ እበላለሁ።»

ደስ አለኝ። ጎንደር ሲል ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ... ዛሬ አልጽፈውም። ዛሬ የደስታ ቀን ነው።

መስከረም 3፣ ማክሰኞ

አማቴም ይሄዳሉ። «ቁስቋምን ሳልሳለም ልሞት ነው?» አሉ እሜቴ እንኳየሁ። ማን ይከለክላቸዋል?

ምግብ ቤት የሚለው ነገር ግን አልገባቸውም። «ገዝቶ የሚበላ ዘመድ የሌለው ነው። ምነው፣ ጎንደር ሰው አጣን?» የሻው አስረዳቸው። የምናድረው የአጎቱ ልጅ ሐብተ ማርያም ቤት ነው፤ ሚስቱ ግን ከወለደች ሁለተኛ ሳምንቷ። አራስ ቤት ገብቶ አብሉኝ አጠጡኝ ማለት ነውር ነው። መኝታ ከእሱ፣ ምግብ ከውጭ።

ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ? ያደግሽው እዚያ አይደለም? ዋልድባ ከመነነችው እህትሽ በቀር ሰው የለሽም?»

«የለኝም» አልሁ።

በቃ... ልጻፈው። ለራሴ ካልጻፍሁት ለማን ልጽፈው ነው?

እህቴ ሽታዬ አልመነነችም። ጎንደር ናት። ከቅዳሜ ገበያ በታች ምግብ ቤት አላት። ጣልያን በገባ ጊዜ እናታችን ስትሞት እኔ ዐሥር ዓመቴ፣ እሷ ዐሥራ ስምንት። ጣልያኖች ማዕድ ቤት ገብታ እየሠራች አሳደገችኝ። ጣልያን ሲወጣ ትምህርት ቤት አስገባችኝ። ቀጥሎ የራሷን ቤት ከፈተች፤ ወጥ ሸጠች።

የሻው ሽማግሌ የላከ ጊዜ አባቱ በሕይወት ነበሩ፣ ዘር ቆጣሪ። «እህትሽ ምን ትሠራለች?» ተባልሁ። ያን ጊዜ ወጥ ለምትሸጥ ሴት የሚሰጣት ስም ምን እንደሆነ ማን ያጣዋል? ለዚያውም ጣልያን ቤት የኖረች። «ዋልድባ መንናለች» አልሁ። ከአፌ ወጣ። መልሼ ልውጠው አልቻልሁም... አልሞከርሁም። የሠርጌን ቀሚስ ጥልፍ የጠለፈችልኝ እሷ ናት። «እባክሽ ሠርጉ ላይ አትምጪ» አልኋት። «እሺ» አለች።

ዐሥራ ስምንት ዓመት ሆነው።

እሜቴ በየዓመቱ ወደ ዋልድባ ለሚሄዱ ተሳላሚዎች ጧፍ ይሰጣሉ። «ለምራቴ እህት አድርሱልኝ፣ በጸሎቷ ታስበኝ።» ጧፉን የምጠቀልለው እኔ ነኝ። በእነዚህ እጆቼ። ማን እንደሚቀበለው እንጃ።

ሌላም አለ። ከስድስት ዓመት በፊት ቅዳሜ ገበያ ላይ በሩቅ አየኋት። የሻው አጠገቤ ነበር። ቶሎ ብዬ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ገባሁና የማልፈልገውን አቡጀዲ አስለካሁ። አራት ክንድ። አሁንም ሣጥኔ ውስጥ አለ፤ መስፋት አልሆነልኝም።

መስከረም 5፣ ሐሙስ፣ ጎንደር

ደረስን። እሜቴ አውቶቡስ ላይ ሎሚ እያሸተቱ፣ ሾፌሩን «ቀስ በል፣ ገደሉ ቆሞ ይጠብቅሃል!» እያሉ መጡ። ጥሩነሽ አንገቷ ከመስኮት አልገባም። እንዴት ደስ ብሏታል!

ከአውቶቡሱ ሳንወርድ የሻው ጠየቀ። «አያ ሾፌር፣ ሸጋ ምግብ የት ይገኛል?»

«ሽታዬ ቤት ነዋ! ከቅዳሜ ገበያ በታች። ምንቸት አብሿን የቀመሰ ሌላ ቤት አይመለስም።»

ጆሮዬ ጋለ። «ሩቅ ነው፣ እሜቴ ደክሟቸዋል» አልሁ። «ምን ሩቅ አለው እትዬ? ያውና!» ብሎ በጣቱ አሳየ፣ ደረቅ!

ፒያሳ ወዳለ ሆቴል መራኋቸው። ጠረጴዛው ጨርቅ የለበሰ፣ አሳላፊው ነጭ ኮት የለበሰ። ፓስታ መጣ። እሜቴ አጎንብሰው አዩት። «ይህ ምንድን ነው? ወስፋት?» ሹካውን አነሡ። «ምነው፣ እህል ልናበራይ ነው? መንሽ ሰጡን!» ጥሩነሽ በሣቅ ውኃው ትን አላት። የሻው እንደሚያውቅበት ጠቅልሎ ሲያነሣ ተፈትቶ ሸሚዙ ላይ ዘነበ። «እንጀራ አምጣልን ልጄ» ብለው እሜቴ ለመኑ። እንጀራ የለም። ወጥተን ስንሄድ ከነጠላቸው ጫፍ ቆሎ ፈትተው አደሉን።

እኔም ሣቅሁ። ከልቤ ነው የሣቅሁት? አዎ... ያመለጥሁ መስሎኝ።

መስከረም 6፣ ዓርብ

ነውሬ ዛሬ እሜቴ ላይ ወደቀ።

ጧት ቁስቋምን ተሳለሙ። ደጁ ላይ ተደፍተው ሲያለቅሱ ደስታቸው ለእኔም ተረፈ። ከቅዳሴ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ «ዛሬ ምግብ ቤቱን እኔ ልምረጥ» አልሁ። ሌላ ሰው እንዳይመርጥ ነው። ነጭ መጋረጃ ያለው አንድ ቤት አየሁና አስገባኋቸው። ሽሮው ቀጭን፤ ሽሮ ነኝ የሚል ውኃ። ምስር ወጡ ግን ሸጋ ይመስላል፣ ያብለጨልጫል። እሜቴ ሁለት ጊዜ ጎረሱ። ሦስተኛውን እጃቸው ላይ ይዘው ቀሩ።

«የሻው፣ ይህ ምንድን ነው፣ እየው?»

ቅቤ። ምስሩ ላይ የቅቤ ዓይን ፈጧል። ከሥጋው ድስት ያወጡትን ጭልፋ ሳያጥቡ ምስሩ ውስጥ ከተውታል።

ሰባ ዓመት ሙሉ ዓርብና ረቡዕን ያልገደፉ ሴት! ወጥተው አጥር ሥር ተፉ። ደጋግመው ተፉ። «አስገደፍሽኝ ልጄ» አሉኝ። አልተቆጡም... ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ቁስቋም ተመልሰው ለቄስ ነገሩ፤ መቶ ስግደት ተሰጣቸው። በዚያ ጉልበት! መቶ!

ማታ ስንገባ ሐብተ ማርያም ሰምቶ አዘነ። «ምነው ሽታዬ ቤት ሳትሄዱ? እሷ እኮ በጾም ቀን የሥጋ ድስት እሳት አታስነካም። ቄሶቹ ሳይቀሩ ደንበኞቿ ናቸው።»

«ነገ እዚያ ነን» አለ የሻው። «ዓለሜ፣ አንቺ ከእንግዲህ አትመርጪም።»

ሁሉም ሣቁ። እኔም።

መስከረም 7፣ ቅዳሜ

ሆዴን አመመኝ ብዬ ነበር። «የትናንቱ ቅቤ ነው፣ ሸጋ ምግብ ያሽርሻል» ብለው እሜቴ ራሳቸው ነጠላዬን አለበሱኝ።

ረዥም አግዳሚ፣ በኖራ የተቀባ ግድግዳ፣ ሚዛን መዛኞች፣ ሁለት ደብተራዎች፣ ተማሪዎች። ጥግ ይዤ፣ ተከናንቤ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተቀመጥሁ። ከማዕድ ቤቱ ድምፅ መጣ። «አውርጂው ድስቱን! ምን ቆመሽ ታይዋለሽ፣ ሥዕል ነው?» ያው ድምፅ... መጽሐፍ ይዤ ወጥ ሳሳርር እንዲሁ ነበር የምትለኝ።

ወጣች። ወፍራለች። ፀጉሯ ሸብቷል። ጥቁር ለብሳለች። ማስታጠቢያውን ይዛ ከእሜቴ ጀመረች፣ ቀጥሎ የሻውን፣ ቀጥሎ ጥሩነሽን። ልጅቱ ላይ ዓይኗ ቆየ። ጥሩነሽ እናታችንን ናት፣ ቁርጥ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። አየችኝ።

ማንቆርቆሪያው እጇ ላይ አልተንቀጠቀጠም። የሻውን አየች፣ እሜቴን አየች፣ ክንብንቤን አየች። ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባት።

«ይታጠቡ እሜቴ» አለችኝ።

እኔን! እርስዎ! በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ ታላቄ ዝቅ ብላ እጄን አስታጠበችኝ። እኔም ታጠብሁ። እጄን አልሰበሰብሁም። «እግዜር ይስጥልኝ» አልሁ፣ ለባዳ እንደሚባለው።

ምንቸት አብሹ መጣ። የሻው ቃል ሳይናገር በላ፤ እሱ ዝም ብሎ ከበላ ያ ምግብ የተመሰገነ ነው። እኔ አንድ ጉርሻ ይዤ ስንት ደቂቃ እንዳኘክሁ እንጃ። እሜቴ አፋቸውን ጠርገው ጠሯት።

«ነይ እስቲ ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ። የማን ልጅ ነሽ? አገርሽ ወዴት ነው?»

«እዚሁ ነኝ እሜቴ። ከጎንደር አልወጣሁም።»

«ወንድም፣ እህት?»

ወደ እኔ አላየችም። «አንዲት እህት አለችኝ።»

«የት ናት?»

«ሩቅ ናት። ተምራለች፤ የተከበረች ሰው ሆናለች።»

«ትጠይቅሻለች?»

«ሥራ ይበዛባታል።»

«እዝጊኦ! ሥራ! የእናት ልጅን የሚያስረሳ ምን ሥራ ነው? አይዞሽ። ምራቴም እህት አለቻት፣ ዋልድባ የመነነች ቅድስት። እልክባታለሁ፣ ላንቺም ትጸልይልሽ።»

«ዋልድባ?» አለች እህቴ ቀስ ብላ። ያን ጊዜ ብቻ ነው ወደ እኔ ያየች። «ይላኩልኝ እሜቴ። ጸሎት ማን ይጠላል።»

ሳህኑን አንሥታ ገባች።

አሁን ይህን ስጽፍ እጄን አየዋለሁ። ዛሬ ያስታጠበችኝን እጄን።

መስከረም 8፣ እሑድ

ከቅዳሴ ቀጥታ ወደዚያው። እሜቴ ሌላ ቤት ስሙም እንዲነሣባቸው አይፈልጉ። በልተን ስንጨርስ ደግሞ...

ጥሩነሽ የትምህርቱ ግቢ ውስጥ ነው የምታድር። እሑድ እሑድ ግን የት ትዋል? ብትታመም ማን ይጠይቃት? ሐብተ ማርያም ቤቱ በልጅ ተጨናንቋል። እሜቴ ቆርጠው ነበር የመጡ። እህቴን ጠርተው እጇን ያዙ።

«ልጄ፣ ባዳ ነን። ግን ፊትሽን ወድጄዋለሁ። ይችን ልጅ በእግዜር ስም አደራ። እንደ አክስት ሁኚላት።»

እንደ አክስት!

እህቴ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች። ጥሩነሽን አየቻት። ዓይኗ ሞላ። «እኔ ደስ ይለኛል... እናቷ ከፈቀዱ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የሻው ፈገግ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል፣ እሺ በይ እያለኝ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «እትዬ» ማለት። ምን ይከብዳል? ሦስት ፊደል ናት!

«እናስብበት» አልሁ።

ፊቷ ተዘጋ። «ልክ ነው» አለች። «ምግብ ቤት ለሴት ልጅ መዋያ አይሆንም።» ሰፌዷን ይዛ ሄደች።

መንገድ ላይ ጥሩነሽ እጇን ከእጄ አወጣች። «እማዬ፣ ምን አደረገችሽና አዋረድሻት? ስታለቅስ አላየሻትም?» የሻውም አላነጋገረኝም። የባሰው እሜቴ ናቸው። «ተዋት፣ እናት ናት፣ ለልጇ ብትሰጋ ነው» ብለው ጠበቃ ቆሙልኝ!

አልችልም። ነገ እነግራቸዋለሁ። ይፍቱኝ፣ ያባርሩኝ፣ የፈለጉትን ይሁኑ።

መስከረም 9፣ ሰኞ

ነገርሁ።

መጀመሪያ ለየሻው፣ ጧት፣ ከሐብተ ማርያም ጓሮ።

«ዋልድባ እህት የለኝም» አልሁት።

ደነገጠ። «ሞተች?»

«ምንቸት አብሿን በልተሃል። አስታጥባሃለች።»

ጉቶ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ፣ «ስንት ሐሰተኛ ምስክር በእጄ ጽፌአለሁ። ዓይናቸውን አይቼ ነው የማውቃቸው። ያንቺን ምነው አላየሁትም?» አለ። የጠበቅሁት ጩኸት ነበር። «ለእናቴ አንቺው ንገሪ» ብሎኝ ፊቱን አዞረ።

እሜቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ስጨርስ የጠየቁት የመጀመሪያው ነገር፣ «ጧፌን ማን አበራው?»

«አላውቅም እሜቴ።»

«ቅዳሜ ያስታጠበችሽ ታላቅሽ ናት?»

«አዎን።»

«ታጠብሽ?»

«ታጠብሁ።»

ዓይናቸውን ገለጡ። «ወጥ ሻጭ መሆኗን ብትነግሪን ያን ጊዜ አንቀበልሽም ነበር። አልዋሽሽም፣ እኔም እጠየፋት ነበር። ይህን ያህሉ የእኛ ኃጢአት ነው። ግን ዐሥራ ስምንት ዓመት! ልጅ ወልደሽ፣ ጎጆሽ ጸንቶ፣ ባልሽ ወዶሽ... አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ? ይህኛው ያንቺው ነው። ተነሺ። ድንጋይ ፈልጊ።»

የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በደጅ ይወድቃል። አገር የሚያውቀው ነው። ሲሸከሙ ያየሁት ግን ወንዶችን ነው፣ ለደም። ከአጥሩ ሥር አንዲት ድንጋይ አነሣሁ። «ይች የወፍጮ መጅ ናት፣ ለሽሮ ትሆናለች» አሉ እሜቴ። ሌላ አነሣሁ። «እሷ ትሁን።»

ከቁስቋም መንገድ እስከ ፒያሳ የሻው በቦርሳው ያዘልኝ። ምንም ሳይናገር ነው ቦርሳውን የከፈተልኝ... ይህን አልረሳለትም። ፒያሳ ስንደርስ እሜቴ «ከዚህ ወዲያ የራሷ ነው» አሉ። አንገቴ ላይ አደረግሁት። ሥራ ፈት ያለበትን መንገድ ሁሉ አለፍሁ። «ደም ነው? ማንን ገድላ ነው?» ይላል አንዱ። «መምህርት ናት መሰለኝ፣ ዳባት አይቻታለሁ» ይላል ሌላው። የሻው ባርኔጣውን ደፍቶ ከጎኔ፣ ጥሩነሽ በሌላው ጎኔ እያለቀሰች።

ገባሁ። በጉልበቴ ወደቅሁ።

«እትዬ፣ ማሪኝ!»

ጉርሻው በየሰው እጅ ላይ ቀረ። እህቴ ጭልፋ ይዛ ወጣች። ወደ ድንጋዩ አየች፣ ወደ እሜቴ አየች፣ ወደ እኔ አየች። በላተኛው ተነሣ። «ማሪያት፣ ስለ ማርያም!» «ማሪያት፣ ሽታዬ!» ምን እንዳደረግሁ አያውቁም፤ ይለምኑልኛል።

«ድንጋዩስ ደግ» አለች በመጨረሻ። «የአድማሴን ልቅሶ የቱ ድንጋይ ይወጣዋል?»

አድማሴ... አድማሴ ባሏ ነው። ሾፌር ነበር። ተማሪ ሳለሁ ዝናብ በጣለ ቀን ሁሉ በካሚዮኑ ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ አድማሴ!

«ሞተ?» አልሁ።

«ሁለት ዓመቱ። ከአዲ አርቃይ ሲመለስ ሊማሊሞ ላይ ተገለበጠ። ሬሳውን ይዤ በዳባት ነው ያለፍሁ። መኪናውን አስቆምሁ። ትምህርት ቤትሽ ደጅ። ልጆች ታስዘምሪያለሽ፣ ድምፅሽን ሰማሁት። ከዚያ ንዳው አልሁት ሾፌሩን።»

ድንጋዩ አንገቴ ላይ እንዳለ ረሳሁት። ልጆች አስዘምር ነበር።

ያን ጊዜ እሜቴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ደረታቸውን መቱ። «ወንድሜን! አድማሴ ወንድሜን! ሳላውቅህ ያለፍህብኝ!» አይተውት የማያውቁትን ሰው። ድምፃቸው ቤቱን ሞላው። የሻው ባርኔጣውን አወለቀ። ደብተራዎቹ ተነሥተው ጸሎት ጀመሩ። ጥሩነሽ አለቀሰች፣ ሚዛን መዛኞቹ አለቀሱ፣ እኔ መሬት ላይ... እህቴ እሜቴን ልትይዝ ሄደች፤ ተቃቅፈው አለቀሱ፣ ሁለቱ። እኔ ከነድንጋዬ ቀረሁ። ይገባኛል።

ከዚያ መጣች። በሁለት እጇ ከአንገቴ አነሣችው።

«እግዜር ይማርሽ» አለች። «ተነሽ፣ ወጡ አረረ።»

በእውነትም አርሮ ነበር። እሜቴ «ልቅሶ ደርሰናልና አሁን ዘመድ ነን፤ ያረረውንም ቢሆን አምጪ» አሉ። ያረረ ወጥ በላን። ሁላችንም በአንድ መሶብ፣ እሷም ቁጭ ብላ። ብዙ አላነጋገረችኝም። አንድ ጊዜ ግን፣ «ዋልድባስ እንዴት ነኝ፣ ጾሙ አልከበደኝም?» አለችኝ። የሻው ሣቀ። እኔ መሣቅም ማልቀስም አቃተኝ።

መስከረም 10፣ ማክሰኞ

ተመዘገበች! ነጭ ልብስ ይሰጧታል አሉ። ቅጹ ላይ «በጎንደር የሚኖር የቅርብ ዘመድ» የሚል አለ። የሻው በዚያ በፍርድ ቤት ጽሕፈቱ፣ «ወይዘሮ ሽታዬ፣ አክስት» ብሎ ጻፈ። እህቴ ማንበብ አትችልም። «የቱ ጋ ነው እኔ ያለሁት?» አለች። ጥሩነሽ ጣቷን ይዛ አሳየቻት።

ማንበብ አትችልም። እኔን ልታስተምር ራሷ ሳትማር ቀረች። ይህን ስንት ዓመት አውቄ አላሰብሁትም?

መስከረም 12፣ ሐሙስ፣ ዳባት

ትናንት ገባን። ዛሬ ሚካኤል ነው። ከቅዳሴ ስንወጣ ሴቶቹ ከበቡን። «ልጅቱስ? ጎንደርስ እንዴት ነው?» እኔ አፌን ሳልከፍት እሜቴ፣ «እንደምን አላችሁ ሳልላችሁ አንድ ነገር፤ ምራቴ ዋሽታን ኖራለች፣ እህቷ ጎንደር ወጥ ትሸጣለች፣ ሰባ ዓመት ሙሉ የበላሁት ሁሉ ምግብ አልነበረም ለካ!» አሉ። በአንድ ትንፋሽ። ደብር በሙሉ ሰማ።

የዳኛው ሚስት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከጎኗ ላለችው አንድ ነገር አለቻት። አየኋት። ምን እንዳለችም አውቃለሁ፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እለው ነበር። ፊቴ ነደደ። «አዎን» አልሁ ጮክ ብዬ፣ «እህቴ ናት፣ ምግብ ቤት አላት።» አፍሬአለሁ፣ ምን እዋሻለሁ? በእህቴ ግን አይደለም። የዳኛው ሚስት ይህን ልዩነት አታውቅም፤ እኔ አውቃለሁ።

አቶ ክንዴ ትምህርት ቤት ላይ፣ «ታዲያ ድግሱ? ጉንጬን ስመሽ በባዶ ልታስቀሪኝ ነው?» አለኝ።

ድግሱማ አለ። ስንለያይ አውቶቡሱ ድረስ መጥታ፣ «ሠርግሽን አልደገስሁም» አለችኝ እትዬ። «የልጅሽን እኔ እደግሳለሁ። ሰውሽን ሁሉ ይዘሽ ነይ። ካፈርሽብኝ ግን ቅሪ።» ይህን ስትል አልሣቀችም። እንደ ድሮው እስክንሆን ገና ብዙ ይቀራል፤ አውቃለሁ። ይቅርታ ድንጋይ ያወርዳል እንጂ ዓመት አይመልስም።

ስለዚህ ዛሬ ስም ስጽፍ ዋልሁ። የሻው የሥራ ጓደኞች፣ መምህራኑ፣ የፖስታው ሰው፣ የሚካኤል ማኅበርተኞች፣ ያ ደረቅ ሾፌርም አውቶቡሱን ይዞ። የዳኛውንም ሚስት ጻፍኋት። ትምጣ፣ ትቅመስ፣ እጇንም እኔ አስታጥባታለሁ።

መስከረም ሃያ አንድ፣ ቅዳሜ፣ የማርያም ዕለት። ጎንደር፣ ከቅዳሜ ገበያ በታች፣ እህቴ ሽታዬ ቤት። ማንም እንዳይቀር።